ቢጫዋ መብራት አልጠፋ ስትል፦ የጎማ ንፋስ ሴንሰር አቀያየር

ነገሩ የጀመረው በቫልቭ ክዳን ነው። መንገድ ላይ ከሚያዞሩ ልጆች አራት የሚያብለጨልጩ የብረት ክዳኖች ገዛሁ። ለኮሮላዬ ጌጥ መሆኑ ነው። ከዓመት በኋላ ንፋስ ልሞላ ጎሚስታ ቤት ስቆም አንደኛው ክዳን አልፈታ አለ። ልጁ በፒንሳ ያዘው፣ አንዴ ጠምዘዝ አደረገው፣ ቀጭ! የቫልቩ አንገት ከነክዳኑ እጁ ላይ ቀረ። ጎማው እያፏጨ ተኛ።

«ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ ሌላ ቫልቭ እናስገባለታለን» አለኝ። ጎማውን ፈታ፣ ከውስጥ የአውራ ጣት የምታህል ጥቁር ሳጥን አወጣ፣ «ይቺ ደሞ የምን ቆሻሻ ናት?» ብሎ ወረወራት፣ ተራ የላስቲክ ቫልቭ ሰካ። ጎማው ተነፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ትጠቅሰኝ ጀመር።

የተወረወረችው ሳጥን የንፋስ ሴንሰር ነበረች። እሷን ለመተካት ሦስት ጊዜ ገንዘቤን አባክኛለሁ። እናንተ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትከፍሉ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ፣ መኪናችሁ ሴንሰር አላት ወይ?

መኪናዋ የተሠራችው ለየትኛው አገር ገበያ እንደሆነ እወቁ። አሜሪካ ውስጥ በፋየርስቶን ጎማ መፈንዳትና በፎርድ ኤክስፕሎረር መገልበጥ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ኮንግረሱ በ2000 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣ። በዚያ መሠረት ከመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተመረተች የቤት መኪና ሁሉ የጎማ ንፋስ ሲጎድል የሚያሳውቅ ሥርዓት አላት። አጭር ስሙ ቲፒኤምኤስ ነው። አውሮፓም ከኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ አድርጎታል። ለጃፓን ገበያ የተሠራች ቪትዝ የያዛችሁ ግን ብዙዎቻችሁ ይህን ጣጣ አታውቁትም። ተገላገላችሁ።

ሥርዓቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጎማው ውስጥ ቫልቩ ላይ የታሰረ ሴንሰር አለው፤ ንፋሱን ይለካና በሬዲዮ ለመኪናዋ ይነግራል። ሁለተኛው ምንም ሴንሰር ጎማ ውስጥ የለውም። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከሌሎቹ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ መኪናዋ በኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ በሚያደርገው ሥርዓት) አማካይነት ይህንን ቆጥራ ታውቃለች። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለችው ሆንዳ ሲቪክ እንዲህ ናት፣ ማዝዳ ሲኤክስ-5ም እንዲሁ። ለእነዚህ ሴንሰር አይገዛም። ጎማውን በልኩ ነፍታችሁ፣ ከሜኑው ወይም ከቁልፉ ካሊብሬት አድርጋችሁ መንዳት ነው። ሴንሰር ልሽጥላችሁ ያላችሁ ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

መለያው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ የየጎማው ንፋስ በቁጥር የሚታይ ከሆነ፣ አሁን በብዛት እንደገቡት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች፣ ሴንሰሩ ጎማው ውስጥ ነው። ቁጥር ከሌለ ቫልቩን እዩት። በዳዶ የታሰረ የብረት ቫልቭ ካለው ሴንሰር አለው ማለት ይቻላል። የላስቲክ ከሆነ ግን የለውም ብላችሁ አትደምድሙ፤ የላስቲክ አንገት ያላቸው ሴንሰሮችም አሉ።

መብራቷ ምን እያለች ነው?

የፈረስ ኮቴ የመሰለችው፣ መሐሏ ቃለ አጋኖ ያለባት ቢጫ መብራት ሁለት ቋንቋ አላት። በርታ ዝም ካለች ንፋስ ጎድሏል። የአሜሪካው ሕግ ፋብሪካው ከወሰነው ልክ 25 በመቶ ሲጎድል እንድትበራ ያዛል። መኪናዋን ስታስነሱ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ጥቅሻ ጥቅሻ ብላ ከዚያ በርታ ከቀረች ግን ችግሩ የንፋስ አይደለም። ሥርዓቱ ራሱ ታሟል፤ አብዛኛውን ጊዜም የአንዱ ሴንሰር ባትሪ አልቋል።

በርታ ዝም ካለች ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ለኩ። መኪናዋ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆማ፣ ጠዋት፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ። ልኩ የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ የኔ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይላል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር የመጨረሻ ጣሪያው ነው፣ በዚያ አትንፉ። አየሩ በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ጎማው 1 ፒኤስአይ ያህል ይጎድላል። ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቼ በኅዳር የመጀመሪያው ብርድ ላይ መብራቷ በራች ብለው የሚደውሉት ለዚህ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ከፍታ አለ። ከአዲስ አበባ አዋሽ ስትወርዱ በከፍታው ልዩነት ብቻ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። የአዋሽ ሙቀት ግን መልሶ ስለሚሞላው ሳታውቁት ታልፋላችሁ።

መብራቷ የምትጠቅስ ከሆነ ወደ ሴንሰሩ እንሂድ።

ግዢው

የሴንሰሩ ባትሪ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። በሙጫ ታሽጎ ስለሚመጣ እሱን ብቻ መቀየር አይቻልም። ዩቲዩብ ላይ በቢላዋ ፈልፍለው ባትሪ የሚበይዱ አሉ፤ እኔ ጎማ ውስጥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚሽከረከር ዕቃ አልመክርም። መኪናዋ 8 ዓመት ካለፋትና አንዱ ከሞተ ሌሎቹም ወረፋ ላይ ናቸው። አራቱንም ባንድ ጊዜ፣ በተለይ ጎማ ስትቀይሩ፣ መቀየር ይሻላል። ስኮርታዋንም አትርሱ። እንደ ፎርራነር ባሉ መኪኖች ሙሉ መጠን ያላት ስኮርታ የራሷ አምስተኛ ሴንሰር አላት። እሷ ስትሞት አራቱ ጎማ ላይ ችግሩን ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

የመጀመሪያው ኪሳራዬ እዚህ ላይ ነበር። ሴንሰር የሬዲዮ ሞገድ አለው። ለአሜሪካና ለጃፓን የተሠሩ መኪኖች በብዛት 315 ሜጋኸርዝ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት 433 ሜጋኸርዝ ይጠቀማሉ። እኔ ቅርጹን ብቻ አይቼ ባለ 433 አራት ገዛሁ። ልክ ገቡ፣ ልክ ታሰሩ። ኮሮላዬ ግን የአሜሪካ ናት፤ ጆሮዋን ሌላ ጣቢያ ላይ ከፍታ ነበር የምትጠብቃቸው። ስለዚህ አሮጌው ሴንሰር ላይ የተጻፈውን የዕቃ ቁጥርና ሞገድ አንብቡ፣ ወይም በሻንሲ ቁጥር አስፈልጉ። አዲሶቹ ሞዴሎች ከዚህ ልማድ የወጡ ስላሉ በግምት አትግዙ። ከተጋጨ መኪና የወጣ ያገለገለ ሴንሰርም አትግዙ። የቀረውን የባትሪ ዕድሜ ማንም አያውቅላችሁም።

ሁሉን አቀፍ የሚባሉ ባዶ ሴንሰሮችም አሉ። እነዚህን ሻጩ በመሣሪያ ለመኪናችሁ ሞዴል ጽፎ መስጠት አለበት። ትልቅ ጥቅማቸው የአሮጌውን ሴንሰር አይዲ፣ ማለትም መለያ ቁጥሩን፣ ቀድተው መያዝ መቻላቸው ነው። ከተቀዳ መኪናዋ መቀየሩን እንኳ አታውቅም፤ አዲሱን ሴንሰር ኮምፒውተሯ ላይ የማስመዝገቡ ጣጣ ይቀራል። መሣሪያው ያለው ሰው ካገኛችሁ እኔ ይህን እመርጣለሁ። እኔ ግን ወንድሜ ከሜሪላንድ ሲመጣ ባለ 315 አራት ይዞልኝ መጣ። ከነዳዷቸው፣ ከነጎማ ቀለበታቸውና ከነፕላስቲክ ክዳናቸው።

ጎማው ከመዘጋቱ በፊት

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የዚህ ሁሉ ሥራ ቁልፍ እዚህ ነው።

እያንዳንዱ ሴንሰር ጀርባው ላይ 7 ወይም 8 ሆሄ የሆነ አይዲ ተጽፎበታል። ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ የላቲን ፊደላት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ክቡ ነገር ሁልጊዜ ዜሮ ነው፣ ኦ አይደለም። ቀጥ ያለው አንድ ነው፣ አይ አይደለም። ተጠንቅቃችሁ የምትለዩት 8 ቁጥርንና ቢ የምትባለውን ፊደል ነው። አራቱንም በስልክ ፎቶ አንሱ። ከዚያ በወረቀት ጻፉ፦ ግራ ፊት፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ኋላ።

እኔ አልጻፍኩም። ጎማዎቹ ተዘጉ፣ ተነፉ፣ ባላንስ ተደረጉ፣ ከፈልኩ። ላፕቶፑን ይዞ የመጣው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ኦቢዲውን (ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን መሰኪያ) ሰክቶ እጁን ዘረጋ።

«አይዲዎቹን ስጠኝ።»

«የምን አይዲ?»

«የሴንሰሮቹ ነዋ! የት ጻፍካቸው?»

ጎማው ውስጥ ናቸው አልኩት። ሳቀ። ሳቁ አሁንም ይታወሰኛል። ከውጭ ሆኖ ሴንሰሩን ቀስቅሶ አይዲውን የሚያነብ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ፣ እሱ ግን አልነበረውም። አራቱም ጎማ እንደገና ተፈታ። ሦስተኛው ኪሳራ ይኸው ነው፤ ሁለተኛው ወደታች ይመጣል።

ጎሚስታው ጋ

ማሽን ያለው ጎሚስታ ምረጡ። ጎማውን በመዶሻና በብረት እየፈለቀቀ የሚያወጣው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ሴንሰር ግን ምት አይወድም። ሥራው ሳይጀመር «ውስጥ ሴንሰር አለ» ብላችሁ ንገሩት። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የኔን የመጀመሪያ ጣጣ ታስቀረው ነበር።

መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ጎማው ከወጣ በኋላ ቫልቩ ውስጥ ያለችው ትንሿ መርፌ ትፈታና ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። የጎማውን ጠርዝ ከቸርኬው የሚያላቅቀው የማሽኑ ክንድ ከቫልቩ በተቃራኒ በኩል ይጫን። ቫልቩ አጠገብ ከተጫነ ሴንሰሩ ድቅቅ ይላል። ሴንሰር ብቻ ከሆነ የምትቀይሩት ጎማው ጨርሶ መውጣት የለበትም። የላይኛው ጠርዝ ተላቅቆ ወደታች ከተጫነ እጅ ይገባል።

ዳዶዋን ከውጭ ፍቱ፤ ብዙውን ጊዜ 11 ወይም 12 ቁጥር ናት። ሴንሰሩን በሌላው እጅ ከውስጥ ያዙት፣ እንዳይወድቅ። የቸርኬውን ቀዳዳ ዙሪያ በጨርቅ ጥረጉት፤ እዚያ ላይ የተጋገረ ዝገት ወይም አቧራ ካለ ንፋስ ቀስ እያለ ያመልጣል። አዲሱን ከውስጥ አስገቡ። የጎማ ቀለበቷ በቦታዋ መቀመጧን እዩ፣ የሴንሰሩ ጀርባ ቸርኬው ላይ ይረፍ፣ ዳዶዋን በእጅ አስጀምሩ። ከዚያ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ 4 ኒውተን ሜትር። ይህ የብዙ ቶዮታ ሴንሰር ልክ ነው፤ ሌሎች እስከ 8 ይደርሳሉ፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። 4 ማለት በጣም ትንሽ ነው። በአጭር ቁልፍ በሁለት ጣት የሚጠብቅ። ጎሚስታው የለመደው የቸርኬ ዳዶ ስለሆነ «ላጥብቀው» ብሎ ይነሣል፤ አይሆንም በሉት። የአሉሚኒየሙ አንገት ይሰነጠቃል፣ ወይም ቀለበቷ ትጨፈለቃለች።

አሮጌውን ቀለበት፣ ዳዶና መርፌ መልሳችሁ አትጠቀሙ። መርፌዋ ኒኬል የተቀባች፣ ነጭ መሆን አለባት። ቢጫዋ የነሐስ መርፌ አሉሚኒየም ውስጥ ስትከርም ሁለቱ ብረቶች በእርጥበቱ ይበላላሉ፣ ይጣበቃሉ። የኔ የሚያብለጨልጭ ክዳንም የተጣበቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ክዳን የፕላስቲክ ይሁን።

ጎማው መልሶ ሲገባ ሴንሰሩ የት እንዳለ ተመልከቱ። ቸርኬውን እንደ ሰዓት ገጽ አስቡትና የማሽኑ ጭንቅላት ቁጥር 12 ላይ ከሆነ ሴንሰሩ ቁጥር 5 አካባቢ ሆኖ ይጀመር። (ቁጥሩን ነው ያልኩት። በኛ ሰዓት ካነበባችሁት ጎማው ላይ እንጣላለን።) ዋናው ነገር የጎማው ጠርዝ ሲጎተት ሴንሰሩ ላይ አለመተኛቱ ነው። ንፋሱ ከገባ በኋላ ቫልቩ ሥር የሳሙና ውሃ አፍስሱ፤ አረፋ ካልተነሣ ጥሩ ነው። አዲሱ ሴንሰር በክብደት ከአሮጌው ከተለየ ወይም ጎማው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከነበረ ባላንስ አሠሩ። ጎማው ሲታሰር ደግሞ የኮሮላ ዳዶዎች ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

ጎሚስታው «ቱብለሱ ካስቸገረ ካላማዳሪ እናስገባበት» ካላችሁ ሴንሰሩን ተሰናበቱት። ሁለቱ አብረው አይኖሩም። ቀዳዳ በአረፋ የሚደፍነውን ቆርቆሮ ስፕሬይም ሌላ አማራጭ ካላጣችሁ በስተቀር ተዉት፤ የብዙ ሴንሰሮችን የመለኪያ ቀዳዳ ይደፍናል።

ምዝገባ ሌላ፣ ሪሴት ሌላ

ሁለተኛው ኪሳራዬ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፣ ግማሽ ቀንም በልቷል። ባለ 433ቶቹን ካስገባሁ በኋላ ሪሴት የሚለውን ቁልፍ እየተጫንኩ መንዳት፣ ማቆም፣ እንደገና መጫን። ምንም። ቁልፉ ለዚያ አልተሠራማ!

ቶዮታ ላይ የሪሴት ቁልፍ ለመኪናዋ የሚነግራት «አሁን ያለው ንፋስ ትክክለኛው ነው፣ ከዚህ ሲጎድል ንገሪኝ» ብቻ ነው። አዲስ ሴንሰር አያስተዋውቃትም። መኪናዋ የአራት ሴንሰሮች አይዲ በኮምፒውተሯ ይዛለች፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ቢጮህ አትሰማውም። ስለዚህ ምዝገባው ይቅደም።

ምዝገባው በኦቢዲ ሶኬት በኩል ነው፤ ሶኬቱ ከመሪው ሥር ነው። ኤሌክትሪሺያኑ የቶዮታን ፕሮግራም ወይም የቲፒኤምኤስ መሣሪያ ይሰካል። በመጀመሪያ መኪናዋ የያዘቻቸውን አራት አይዲዎች አንብቦ ይጻፍ። አንድ ሴንሰር ብቻ የቀየራችሁ ከሆነ የሦስቱ ነባሮች አይዲ በምዝገባው ላይ ከአዲሱ ጋር አብሮ መግባት አለበት፤ ሳይያዝ ከጠፋ ሌላ ራስ ምታት ነው። ከዚያ አራቱን ያስገባል፣ ሁለታችሁም ሆሄ በሆሄ ታመሳክራላችሁ፣ ይመዘግባል። የስህተት ኮዶቹን ያጠፋል። ከሲ2121 እስከ ሲ2124 ያሉት ኮዶች «ከዚህ ሴንሰር ድምፅ የለም» ማለት ናቸው። የመጨረሻዋ ቁጥር የዝርዝሩን ተራ እንጂ የግራ ፊቱን ጎማ አትነግራችሁም። ወረቀታችሁ እዚህም ይጠቅማል።

የሌሎች ፋብሪካዎች መንገድ ይለያል። ብዙ የጂኤም መኪኖች ወደ መማሪያ ሁኔታ ከገቡ በኋላ ከግራ ፊት ጀምራችሁ ቀኝ ፊት፣ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ እያላችሁ በመቀስቀሻ መሣሪያ ስትዞሩ በእያንዳንዱ ጎማ ጥሩምባ ይነፋሉ። ፎርድም የሚመሳሰል ዙር አለው። ብዙ የጀርመን መኪኖች ደግሞ ከሜኑ ተነክተው ሲነዱ ራሳቸው ይማራሉ።

ምዝገባው ካለቀ ሪሴቱ ቀላል ነው። ጎማው ቀዝቃዛ እያለ አራቱንም በበሩ ላይ በተለጠፈው ልክ ሙሉ። በራሳችሁ መለኪያ። ጎሚስታዎቻችን «ለመንገዳችን» ብለው 40 መሙላት ይወዳሉ። በ40 ሪሴት ካደረጋችሁ መብራቷ ከትክክለኛው ልክ ትንሽ ዝቅ ስትሉ ትጮሃለች። በ24 ካደረጋችሁ የባሰ ነው፤ ጎማው እየተበላ ዝም ትላለች። ከዚያ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ። የሪሴቷን ቁልፍ፣ ከመሪ ሥር ወይም ከጓንት ሳጥኑ ውስጥ ፈልጓት፣ ቢጫዋ መብራት ቀስ ብላ ሦስት ጊዜ እስክትጠቅስ ይዛችሁ ቆዩ። ልቀቁ። ጥቂት ደቂቃ ኦን ላይ ተዉአትና አጥፉ።

አሁን ንዱ። አዲስ ሴንሰር ተኝቶ ነው የሚመጣው፤ ጎማው ሲሽከረከር ነው የሚነቃው። ሳታቆሙ 20 ደቂቃ ያህል፣ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ። ይህን በቦሌ መንገድ ከሰዓት በኋላ አትሞክሩት። እኔ እሑድ በጠዋት ቀለበት መንገዱን ዞርኩ። ስመለስ ሞተሩን አጥፍቼ እንደገና አስነሣሁ። መብራቷ ለአፍታ በራች፣ ጠፋች። ስልኬን አውጥቼ 90 ሰከንድ ቆጠርኩ። ጥቅሻ የለም።

አይዲዎቹ የተጻፉበትን ወረቀት በፕላስቲክ ለብጄ ጓንት ሳጥኑ ውስጥ ከሊብሬው ጋር አስቀምጫለሁ። ከጀርባው «ጎማ ውስጥ ሴንሰር አለ፣ በፒንሳ አትንኩ» ብዬ በትልቁ ጽፌበታለሁ። ጎሚስታ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማወጣው እሱን ነው።